ለባዮፊዚክስና ለነርቭ ሳይንስ ምርምር የድኅረ ምረቃ ተቋም አመራረጥ

1. የመረጃው ዓላማ

በባዮፊዚክስና በነርቭ ሳይንስ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ለመከታተል የሚፈልጉ ዜጎች በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር የሚገኙ ተቋማትን ሲመርጡ ሊያጤኗቸው የሚገቡ ጉዳዮች በዚህ ገጽ ቀርበዋል። መረጃው በተለይ በፊዚክስ፣ በባዮሎጂ፣ በኬሚስትሪ፣ በሕክምና፣ በኮምፒዩተር ሳይንስና በኤሌክትሪካል ምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ላጠናቀቁና ወደ ምርምር ለመግባት ላሰቡ አመልካቾች የተዘጋጀ ነው።

በዚህ መስክ የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት እንደየአገሩ ሥርዓት ከ3 እስከ 6 ዓመት ይወስዳል። አመልካቹ እነዚህን ዓመታት የሚያሳልፈው በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በአንድ አማካሪ ሥርና በአንድ የገንዘብ ምንጭ ተደግፎ ነው። አማካሪው ወደ ሌላ ተቋም ቢዛወር ወይም የምርምር ገንዘቡ ቢያልቅ፣ የዩኒቨርሲቲው ታዋቂነት ብቻውን ተማሪውን ለምረቃ አያበቃውም። ስለዚህ አመልካቾች በቅድሚያ የምርምር ጥያቄውንና የምርምር ቡድኑን፣ ቀጥሎ በጽሑፍ የተረጋገጠውን የድጋፍ ሁኔታ፣ በመጨረሻም የተቋሙን ዝና እንዲመለከቱ ይመከራል።

2. መስኩ ምንን ያካትታል?

ባዮፊዚክስ የሕያዋን ነገሮችን አሠራር በፊዚክስ መለኪያና ስሌት የሚያጠና ሳይንስ ነው። የነርቭ ሳይንስ ደግሞ የአንጎልንና የነርቭ ሥርዓትን አወቃቀር፣ ተግባርና ሕመም ይመረምራል። ሁለቱ መስኮች የሚገናኙበት ዋነኛ ቦታ የነርቭ ሕዋስ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ ስኩዊድ ከተባለው የባሕር እንስሳ በተወሰደ ወፍራም የነርቭ ክር ላይ የተደረገውን ልኬት በሒሳብ ቀመር ገልጸዋል። ለዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1963 ከጆን ኤክልስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ኤርቪን ኔኸርና ቤርት ዛክማን በጀርመን አገር ጎቲንገን ከተማ ፓች ክላምፕ የተባለውን ዘዴ በማዳበር፣ በሕዋስ ሽፋን ላይ በሚገኝ አንድ የአዮን መተላለፊያ ቦይ ውስጥ የሚያልፈውን እጅግ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ለመለካት በመቻላቸው እ.ኤ.አ. በ1991 ተሸልመዋል።

በአሁኑ ጊዜ መስኩ በሚከተሉት ዘርፎች ሊከፈል ይችላል፦

ሀ/ የፕሮቲኖችንና የአዮን ቦዮችን ቅርጽና እንቅስቃሴ የሚያጠናው የሞለኪውል ባዮፊዚክስ፤
ለ/ የነርቭ ሕዋሳትንና ትስስራቸውን በኤሌክትሪክ ልኬትና በማይክሮስኮፕ የሚያጠናው ሕዋሳዊ የነርቭ ሳይንስ፤
ሐ/ በእንስሳት ወይም በሰዎች ላይ ትውስታን፣ ስሜትንና እንቅስቃሴን የሚያጠናው የሥርዓተ ነርቭና የባሕርይ ጥናት፤
መ/ የአንጎልን ሥራ በሒሳብና በኮምፒዩተር ሞዴል የሚገልጸው ስሌታዊ የነርቭ ሳይንስ፤
ሠ/ በኤምአርአይ፣ በኢኢጂና በመሰል መሣሪያዎች የአንጎልን ሁኔታ የሚለካው የምስልና የምልክት ጥናት።

ዘርፎቹ የሚጠይቁት ዝግጅትም የተለያየ ነው። ለስሌታዊው ዘርፍ ሊኒየር አልጀብራ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ፕሮባቢሊቲና የፕሮግራም አጻጻፍ ችሎታ ያስፈልጋሉ። ለሕዋሳዊው ዘርፍ የሕዋስ ባዮሎጂና የቤተ ሙከራ ልምድ ክብደት ይሰጣቸዋል። አመልካቹ የሚፈልገውን ዘርፍ ሳይለይ ተቋም መምረጥ ቢጀምር፣ ፍላጎቱን የሚያብራራው ደብዳቤ አጠቃላይ ስለሚሆን የመመረጥ ዕድሉን ይቀንሳል።

3. የፕሮግራሙ ስያሜና የሚገኝበት የትምህርት ክፍል

የባዮፊዚክስ ምርምር በሁሉም ተቋማት በአንድ ስም አይጠራም። ለምሳሌ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ የባዮፊዚክስ የትምህርት ክፍል ሲኖር፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ግን ባዮፊዚክስ የበርካታ የትምህርት ክፍሎችን መምህራን የሚያሰባስብ የጋራ ፕሮግራም ነው። በሌሎች ተቋማት ተመሳሳይ ምርምር በፊዚክስ፣ በፊዚዮሎጂ፣ በባዮሜዲካል ምሕንድስና ወይም በነርቭ ሳይንስ የትምህርት ክፍል ሥር ይካሄዳል።

በመሆኑም አመልካቾች ፍለጋቸውን በዲግሪው ስያሜ ብቻ እንዳይገድቡ ይመከራል። የተሻለው አካሄድ የሚስብን የምርምር ጥያቄ መለየት፣ በጥያቄው ላይ ባለፉት 5 ዓመታት የታተሙ ጥናቶችን ማንበብ፣ የጸሐፊዎቹን የምርምር ቡድን ማወቅና ቡድኑ በየትኛው ፕሮግራም በኩል ተማሪ እንደሚቀበል ማጣራት ነው። አንድ አማካሪ ከአንድ በላይ በሆኑ ፕሮግራሞች ተማሪ ሊቀበል ይችላል። በዚህ ጊዜ ከአመልካቹ የቀድሞ ትምህርት ጋር በቅርበት የሚዛመደውን ፕሮግራም መምረጥ ጠቃሚ ነው።

4. የምርምር ቡድንን መመዘን

አመልካቾች ማመልከቻ ከማስገባታቸው በፊት ቢቻል፣ ቢዘገይ ግን የመግቢያ ዕድሉን ከመቀበላቸው በፊት፣ ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት ይጠበቅባቸዋል፦

ሀ/ ከቡድኑ የተመረቁ ተማሪዎች ለመመረቅ ስንት ዓመት ወሰደባቸው? ሳይጨርሱ የወጡስ አሉ?
ለ/ በቡድኑ ጥናቶች ላይ በመጀመሪያ ጸሐፊነት የሚጠቀሱት ተማሪዎች ናቸው ወይስ ሌሎች ተመራማሪዎች?
ሐ/ የአማካሪው የምርምር ገንዘብ እስከ መቼ የጸና ነው? ከዚያ በኋላ የተማሪውን ወጪ ማን ይሸፍናል?
መ/ አማካሪው በቅርቡ ጡረታ የመውጣት ወይም የመዛወር ዕቅድ አለው?
ሠ/ አማካሪው ከእያንዳንዱ ተማሪ ጋር በየስንት ጊዜው ይገናኛል?
ረ/ በአማካሪና በተማሪ መካከል አለመግባባት ቢፈጠር ተማሪው ቡድን የሚቀይርበት የተደነገገ አሠራር አለ?

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ከቡድኑ ድረ ገጽና ከታተሙ ጥናቶች በከፊል መመለስ ይቻላል። የቀሩትን አማካሪውን፣ የፕሮግራሙን ጽሕፈት ቤትና በቡድኑ ውስጥ ያሉ ተማሪዎችን በአክብሮት መጠየቅ ያስፈልጋል። ተማሪዎችን በተናጠል ማነጋገር ይመረጣል። አማካሪው ከተማሪዎቹ ጋር እንዳይነጋገሩ የሚከለክል ከሆነ አመልካቹ ውሳኔውን ደግሞ ቢያጤን ይበጃል።

ለአማካሪ የሚጻፍ የመጀመሪያ ደብዳቤ አጭር መሆን አለበት። አመልካቹ ማን እንደሆነ፣ የትኛውን የቡድኑን ጥናት እንዳነበበና ምን እንዳስተዋለ፣ እንዲሁም ቡድኑ በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ተማሪ ይቀበል እንደሆነ የሚጠይቅ አንድ ገጽ የማይሞላ ደብዳቤ በቂ ነው። አንድን ጽሑፍ ስሙን ብቻ እየለወጡ ለብዙዎች መላክ መልስ አያስገኝም።

5. የአገሮች ሥርዓት ልዩነት

5.1 አሜሪካ

በአሜሪካ በመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ወደ ሦስተኛ ዲግሪ መግባት የተለመደ ነው። ትምህርቱ በአብዛኛው ከ5 እስከ 6 ዓመት ይወስዳል። በርካታ የነርቭ ሳይንስና የባዮፊዚክስ ፕሮግራሞች ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት በተወሰኑ ቤተ ሙከራዎች እየተዘዋወረ እንዲሠራ ካደረጉ በኋላ አማካሪ እንዲመርጥ ይፈቅዳሉ። ይህ አሠራር ከሩቅ ሆኖ የመምረጥን ስጋት ስለሚቀንስ ለውጭ አገር አመልካች ትልቅ ጥቅም አለው።

ሆኖም በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ለዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው የሥልጠና ድጋፍና የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን የድኅረ ምረቃ ድጋፍ ለአገሪቱ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች የተወሰኑ ናቸው። ስለዚህ የውጭ አገር ተማሪን ወጪ የሚሸፍነው ዩኒቨርሲቲው ወይም የአማካሪው የምርምር ገንዘብ ነው። አንዳንድ ተቋማት በየዓመቱ የሚቀበሏቸው የውጭ አመልካቾች ቁጥር አነስተኛ የሚሆነውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ግን ለእነዚህ ድጋፎች ማመልከት ስለሚችሉ ዕድሉን እንዲጠቀሙበት ይመከራል።

5.2 ጀርመን

በጀርመን ለሦስተኛ ዲግሪ በአብዛኛው የሁለተኛ ዲግሪ ይጠየቃል። አመልካቹ በግሉ አማካሪ ፈልጎ በሥራ ውል ሊቀጠር ወይም በተደራጀ የዶክትሬት ፕሮግራም በኩል ሊገባ ይችላል። በጎቲንገን የሚገኘው የነርቭ ሳይንስ ዓለም አቀፍ የማክስ ፕላንክ የምርምር ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ የሚያስተምርና የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን አመልካቾች ጭምር የሚቀበል ነው። በፍራንክፈርት ከተማም የማክስ ፕላንክ የባዮፊዚክስ ተቋምና የማክስ ፕላንክ የአንጎል ምርምር ተቋም ይገኛሉ። የሥራ ውሉ ከሙሉ የሥራ ሰዓት በታች ሊሆን ስለሚችል፣ አመልካቹ የውሉን መጠንና ዘመን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

5.3 ብሪታንያ

በብሪታንያ የሦስተኛ ዲግሪ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይወስዳል። ከውጭ የሚመጡ ተማሪዎች የሚከፍሉት የትምህርት ክፍያ ከአገሪቱ ነዋሪዎች ክፍያ ይበልጣል፤ በመሆኑም የተገኘው ድጋፍ ይህንን ልዩነት ጭምር የሚሸፍን መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል። ቺቭኒንግ የተባለው የነጻ ትምህርት ዕድል ለአንድ ዓመት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የሚሰጥ እንጂ ለሦስተኛ ዲግሪ የሚውል አይደለም። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች ዜጎቿ ለኮመንዌልዝ የነጻ ትምህርት ዕድል ብቁ አይደሉም። ለስሌታዊ የነርቭ ሳይንስ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሚገኘው የጋትስቢ ክፍል የታወቀ ማዕከል ነው።

5.4 ሰሜን አውሮፓ

በኔዘርላንድስ፣ በስዊድንና በኖርዌይ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ በአብዛኛው ደመወዝ የሚከፈለው ተቀጣሪ ነው። ቦታው እንደ ማንኛውም ክፍት የሥራ ቦታ ስለሚወጣ ማስታወቂያዎችን ዓመቱን ሙሉ መከታተል ይገባል። በኖርዌይ ትሮንድሄይም ከተማ የሚገኘው ማዕከል ሜይ ብሪት ሞዘርና ኤድቫርድ ሞዘር እ.ኤ.አ. በ2014 ከጆን ኦኪፍ ጋር ለኖቤል ሽልማት የበቁበትን፣ አንጎል ቦታን የሚለይበትን ሥርዓት የሚመለከት ምርምር ያካሄዱበት ነው።

5.5 ጣሊያን

በትሪየስቴ ከተማ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1964 በአብዱስ ሰላም የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የቲዮሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል በማደግ ላይ ካሉ አገሮች ለሚመጡ ተመራቂዎች ለሦስተኛ ዲግሪ የሚያዘጋጅ የአንድ ዓመት የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ይሰጣል። ከዘርፎቹ አንዱ ሕይወትን በቁጥርና በሞዴል የሚያጠናው ዘርፍ ነው። በዚያው ከተማ የሚገኘው ሲሳ የተባለው ከፍተኛ የትምህርት ተቋም በነርቭ ሳይንስና በሥነ ሕይወት ፊዚክስ የሦስተኛ ዲግሪ ያስተምራል። ከአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በፊዚክስ ተመርቀው ወደዚህ መስክ ለመሸጋገር ለሚፈልጉ ይህ አቅጣጫ ተስማሚ ነው።

5.6 ጃፓን

የኦኪናዋ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም የ5 ዓመት የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣል። የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ይቀበላል፤ ለተማሪዎቹም የገንዘብ ድጋፍ ያደርጋል፤ በመጀመሪያው ዓመት በተለያዩ ቤተ ሙከራዎች እንዲዘዋወሩም ያደርጋል። በተጨማሪም የጃፓን መንግሥት የነጻ ትምህርት ዕድል በኤምባሲው በኩል ይሰጣል።

6. በአገር ውስጥና በአፍሪካ ያሉ አማራጮች

በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉት የፊዚዮሎጂ፣ የባዮሜዲካል ምሕንድስና፣ የፊዚክስና የኒውሮሎጂ የትምህርት ክፍሎች ለመስኩ ቅርብ ናቸው። በአገር ውስጥ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚያመለክቱ ዜጎች ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሚሰጥበትን ጊዜ መከታተል ይኖርባቸዋል። የሁለተኛ ዲግሪን በአገር ውስጥ ተምሮ በአንድ ጥናት ላይ መሳተፍ፣ የሁለተኛ ዲግሪ የሚጠይቁ የአውሮፓ ፕሮግራሞችን በር ይከፍታል፤ የምርምር ሥራው የአመልካቹ ስለመሆኑ የሚመሰክር አማካሪም ያስገኛል።

በአፍሪካ የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሳይንስ ተቋም ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 በደቡብ አፍሪካ ሥራ የጀመረውና ዛሬ በሩዋንዳ፣ በጋና፣ በሴኔጋልና በካሜሩን ጭምር ማዕከላት ያሉት የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም ለስሌታዊው ዘርፍ መሠረት የሚሆን የሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣል። ዓለም አቀፉ የአንጎል ምርምር ድርጅት በአፍሪካ የሚያዘጋጃቸው አጫጭር ሥልጠናዎችም ለወጣት ተመራማሪዎች ክፍት ናቸው።

የቤተ ሙከራ ልምድ ለማግኘት ያልቻሉ አመልካቾች ዝግጅታቸውን ከኮምፒዩተር ሊጀምሩ ይችላሉ። የፕሮቲን ቅርጾች የሚገኙበት ፕሮቲን ዳታ ባንክ፣ በሲያትል የሚገኘው የአለን ተቋም የአንጎል መረጃዎችና ኒውሮን የተባለው የነርቭ ሕዋስ ማስመሰያ ሶፍትዌር ሁሉም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። በእነዚህ ተጠቅሞ የተሠራ አንድ የተጠናቀቀ አነስተኛ ሥራ በማመልከቻ ላይ ከብዙ የምስክር ወረቀት ይልቅ ስለ አመልካቹ ችሎታ ይናገራል።

7. የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤን ማንበብ

የመግቢያ ደብዳቤና የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤ የተለያዩ ሰነዶች ናቸው። ተቀባይነት አግኝቶ ድጋፍ ያላገኘ አመልካች ወጪውን ራሱ እንደሚሸፍን ይታሰባል። በድጋፍ ደብዳቤው ውስጥ የሚከተሉት በግልጽ መጠቀሳቸውን ማረጋገጥ ይገባል፦

ሀ/ ድጋፉ የሚቆይባቸው ዓመታትና የሚታደስበት ሁኔታ፤
ለ/ የመኖሪያ አበሉ የሚከፈለው ለ12 ወራት ወይስ ለ9 ወራት መሆኑ፤
ሐ/ የትምህርት ክፍያ፣ ልዩ ልዩ የተማሪ ክፍያዎችና የጤና መድን መሸፈናቸው፤
መ/ በማስተማር ሥራ የመሳተፍ ግዴታና የሰዓቱ ብዛት፤
ሠ/ የመጀመሪያው ክፍያ የሚፈጸምበት ቀን።

የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ተማሪው የአውሮፕላን ጉዞ፣ የቤት ኪራይ መያዣና የመጀመሪያ ወር ቀለብ ወጪዎችን አበሉ ከመድረሱ በፊት መክፈል ሊኖርበት ስለሚችል አስቀድሞ መዘጋጀት ያስፈልጋል። የአበሉን መጠን ወደ ብር ቀይሮ ከማድነቅ ይልቅ በሚሄዱበት ከተማ ካለው የቤት ኪራይ ጋር ማነጻጸር ተገቢ ነው።

ወጪውን በሙሉ የሚሸፍን የምርምር ፕሮግራም የመግቢያ ደብዳቤ ለመስጠት በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ገንዘብ አይጠይቅም። በማንኛውም ደላላ በኩል የቀረበ ደብዳቤ በተቋሙ ይፋዊ አድራሻ ሳይረጋገጥ ክፍያ መፈጸም የለበትም። የማመልከቻ ክፍያ መክፈል የማይችሉ አመልካቾች ከክፍያ ነጻ እንዲደረጉ ፕሮግራሙን በጽሑፍ መጠየቅ ይችላሉ፤ በርካታ ተቋማት ይህንን ይፈቅዳሉ።

8. ሰነዶችና ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

ስም፦ በፓስፖርት፣ በዲግሪና በውጤት መግለጫ ላይ ያለው የስም አጻጻፍ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የአባት ስምና የአያት ስም በማመልከቻ ቅጽ ላይ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሞሉ አንዴ ወስኖ በሁሉም ሰነድ ላይ በዚያው መቀጠል ያስፈልጋል።

ቀን፦ የትውልድና የምረቃ ቀናት ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲለወጡ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ስላለ በጥንቃቄ ሊሰሉ ይገባል።

የወጪ መጋራት፦ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ አመልካቾች ዋናውን የትምህርት ማስረጃና ይፋዊ የውጤት መግለጫ ለማግኘት የወጪ መጋራት ግዴታቸውን የሚመለከተውን ጉዳይ ከተመረቁበት ተቋም ሬጅስትራር ጋር ቀደም ብለው ሊጨርሱ ይገባል።

የቋንቋ ፈተና፦ የቶፍልና የአይኤልትስ ውጤት በአብዛኛው ለ2 ዓመት ያገለግላል። አንዳንድ ተቋማት ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ የሬጅስትራር ደብዳቤ በምትኩ ይቀበላሉ።

የድጋፍ ደብዳቤ፦ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 መምህራን ይጠየቃል። መምህራኑ ቢያንስ ከ6 ሳምንታት በፊት ሊነገራቸውና የተማሪው የሥራ ማስረጃ ሊሰጣቸው ይገባል።

ቪዛ፦ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ቪዛ የያዘ ተማሪ ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ አገር ቤት ቢመጣ፣ ለመመለስ አዲስ ቪዛ መጠየቅ ሊኖርበት ይችላል። ይህ በትምህርቱ ዘመን በሙሉ የሚያጋጥም ጉዳይ ስለሆነ ከቤተሰብ ጋር አስቀድሞ መመካከር ይበጃል።

9. የጊዜ ሰሌዳ

ለአሜሪካ ፕሮግራሞች ማመልከቻ የሚዘጋው በብዛት በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት ነው። ዝግጅቱ ከዚያ በፊት ባለው ሚያዝያ ወር ቢጀመር ጥናት ለማንበብና የቋንቋ ፈተና ለመውሰድ በቂ ጊዜ ይኖራል። ከነሐሴ እስከ መስከረም ለአማካሪዎች መጻፍ፣ በጥቅምት የማመልከቻ ጽሑፉን ማጠናቀቅ፣ በጥርና በየካቲት ለቃለ መጠይቅ መዘጋጀት ይቻላል። በአሜሪካ በርካታ ተቋማት በተስማሙበት አሠራር መሠረት የገንዘብ ድጋፍ የቀረበለት አመልካች እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 15፣ ማለትም ከሚያዝያ 7 በፊት መልስ እንዲሰጥ አይገደድም። ስለዚህ አመልካቾች የቀረቡላቸውን አማራጮች ሳያነጻጽሩ በችኮላ መወሰን የለባቸውም።

10. ከትምህርት በኋላ

አመልካቾች የሚማሩት ዘዴ ወደ አገር ሲመለሱ ሊሠራበት የሚችል መሆኑን ገና ሲመርጡ ማሰብ ይኖርባቸዋል። ፓች ክላምፕ ንዝረት የማያሳልፍ ጠረጴዛ፣ ጥራት ያለው ማይክሮስኮፕ፣ ማጉያ መሣሪያና የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ይጠይቃል። ኢኢጂ፣ የምስል ትንተናና ስሌታዊ ሞዴል ግን በአነስተኛ ወጪ ሊተከሉ የሚችሉ ናቸው። ይህ ማለት ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ ዘርፍ አይመረጥ ማለት አይደለም። ከዋናው ዘዴ ጎን ለጎን አንድ በአገር ውስጥ ሊቀጥል የሚችል ሙያ መያዝና ከአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ጋር በትምህርት ዘመን ግንኙነት መፍጠር ተመላሹን ባዶ እጁን ከመጀመር ያድነዋል።

በውጭ አገር የተገኘ ዲግሪ በአገር ውስጥ ለሥራ ሲቀርብ የአቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ስለሆነም የሚመረጠው ተቋም በሚገኝበት አገር ሕጋዊ እውቅና ያለው መሆኑን ከመመዝገብ በፊት ማጣራት፣ እንዲሁም የመግቢያ ደብዳቤን፣ የውጤት መግለጫንና የፓስፖርት ማኅተሞችን በጥንቃቄ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

11. ማጠቃለያ

አመልካቹ ውሳኔውን ከማሳወቁ በፊት የሚከተሉትን 5 ነጥቦች በጽሑፍ መመለስ ቢችል ምርጫው በቂ መሠረት አለው ማለት ይቻላል፦ የማጠናው ጥያቄ ምንድን ነው? ይህንን ጥያቄ የሚያውቁና እኔን ሊያማክሩ የሚችሉ ቢያንስ 2 መምህራን በተቋሙ አሉ? ወጪዬ እስከ መጨረሻው ዓመት በማን ይሸፈናል? ከአማካሪዬ ጋር ባልስማማ ምን አማራጭ አለኝ? ስመረቅ የት፣ በምን መሣሪያና ከማን ጋር እሠራለሁ?

ሁለተኛው ጥያቄ የተለየ ትኩረት ይሻል። በአንድ አማካሪ ላይ ብቻ የተመሠረተ ምርጫ፣ አማካሪው በሌለ ጊዜ ተማሪውን ከአገሩ ርቆ ያለ ደጋፊ ሊያስቀረው ይችላል። ሁለት ወይም ሦስት ተስማሚ መምህራን ያሉበት፣ ድጋፉን በጽሑፍ ያረጋገጠና ስሙ ብዙም ያልተነገረለት ተቋም፣ ዝናው ከፍ ያለ ነገር ግን እነዚህን ካላሟላ ተቋም ለአመልካቹ የተሻለ ምርጫ ነው።